በጥሞና ቀናት የወጣችው ፍየል

ከንቲባ ደምሰው ለሁለተኛ ጊዜ ሲወዳደሩ የምርጫ ምልክታቸው የተዘረጋ እጅ ነበር። አንገት ለአንገት የተናነቀቻቸው ተፎካካሪ፣ መምህርት ሽታዬ፣ ደግሞ ምልክቷ ፍየል ነበረች። ቅስቀሳ የሚከለከልባቸው አራቱ የጥሞና ቀናት እንደገቡ ከንቲባው፣ "ምርጫው እስኪያልፍ ከተማው ውስጥ ፍየል እንዳይታይ!" ብለው አዘዙ።

በማግስቱ ጉልት ላይ ጎመን የምትሸጥ አንዲት ሴት ከነፍየሏ በፖሊስ ተይዛ ከንቲባው ፊት ቀረበች። ከዚያች ፍየል ሌላ ሀብት አልነበራትም።

"ፍየልሽ በጥሞና ጊዜ ስትቀሰቅስ ተገኝታለች!" አሉ ከንቲባው።

"ኧረ ክቡር ከንቲባ፣ ጎመኔን ስትበላ ነው የተገኘችው።"

"ያያት ሁሉ ሽታዬን ያስታውሳል። ምልክት ምልክት ነው፤ በሕግ ፊት ልዩነት የለም! ትወረሳለች።" ከዚያም የመውረሻውን ወረቀት ለመፈረም ወደ ፖሊሱ እጃቸውን ዘረጉ። "አምጣው!"

"ሕግ ከሆነ ምን እላለሁ፤ ይውሰዷት" አለች ሴትየዋ። "ግን የእኔ ፍየል የተገኘችው ጉልት ዳር ነው። እርስዎ ያውም ፖሊስ ፊት ምልክትዎን ዘርግተው ቆመዋል።"

ከንቲባው ፈጥነው ሁለቱንም እጆቻቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ፖሊሱ ወረቀቱን ይዞ ቢጠብቅ ቢጠብቅ የሚፈርም እጅ አልወጣም።

ሴትየዋ ፍየሏን እየጎተተች ሄደችና በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች።

"አይዞዎት፣ አራት ቀን ነው" አለች። "እስከዚያ የሚያጎርስዎት ካጡ ይላኩብኝ።"