ውሃው ሲፈላ ዝም ያለችው ማብሪያ

አንድ ሰው ነበረ። አንዲት ቀይ የስፖርት መኪና ነበረችው። ልጄ ትርንጎ፣ «እናቴን ብቻዬን ሳስታምም ወንድሞቼ ዞር ብለው አላዩኝም፤ እንደሌሉ ቆጥሬ ልተዋቸው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። መልሱ ያለው ከዚህ ሰው መኪና ውስጥ ነውና ታገሺኝ።

መኪናዋ ባለ ሁለት በር ናት። አርጅታለች፤ ግን ከባለቤቷ መላጣ በቀር በሰፈሩ እንደ እሷ የተወለወለ ነገር አልነበረም። ቅላቷማ፣ ዋሸህ አትበይኝና፣ ስታልፍ የትራፊክ መብራት ያፍር ነበር። ሰውየው ሴት ልጁን ገና በስድስት ዓመቷ «የሙሽራ መኪናሽ እሷ ናት፣ ሾፌሩም እኔ» ብሎ ምሎላታል። ልጅቷ አድጋ ሰርጉ ለቅዳሜ ተቆረጠ።

ሐሙስ ዕለት መንገድ ተዘጋግቶ በቆመችበት መኪናዋ ፈላች። እንፋሎቷ ቀላል እንዳይመስልሽ! ማዶ ያሉ ሴቶች ደመና መጣ ብለው ልብሳቸውን ከገመድ አወረዱ። አላፊ አግዳሚው ከበበው፤ ሁሉም መካኒክ ነው። «የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው ተጣሟል» አለ አንዱ። «የለም፣ ከሥሩ ያለው ጓርኒሲዮን ነው» አለ ሌላው። አንድ ሎተሪ አዟሪ ሳይቀር በቆመበት ሞተሩን በአፉ ፈታው፣ ገጠመው። ሰውየው በጀሪካን ውሃ እየሞላ፣ መንገዱ ሲከፈት ደህና እየሄደ፣ ሲዘጋ እየፈላበት ጋራዥ ደረሰ።

የጋራዡ አለቃ ኮፈኑን ከፍቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ ሞተሩ መውረድ አለበት። ሁለት ሳምንት ይፈጃል።»

«ሰርጉ እኮ ከነገ ወዲያ ነው!»

«እንግዲያ ሙሽራዋ በታክሲ ትሄዳለቻ።»

ልጁን በምን ዓይኑ ያያታል? የመኪናዋን ኮፈን ዳበሰና «ጉድ አደረግሽኝ» አላት። «በቃ፣ ለቆራሌው ነው የምሸጥሽ!»

ይሄኔ ጥግ ላይ ተቀምጠው ሽቦ ይልጡ የነበሩ ሽማግሌ ኤሌክትሪሽያን ቀና አሉ።

«የምትፈላው ስትሄድ ነው ስትቆም?»

«ስትቆም። ስትሄድማ ንግሥት ናት!»

«ስትሄድ ነፋሱ ያበርዳታል። ስትቆም ማራገቢያው ነው የሚያበርዳት። ለመሆኑ ማራገቢያው ሲዞር አይተዋል?»

ሰውየው አሰበ። አላየም። «እሱም ከድቶኛል ማለት ነው!»

«ቆይ እስቲ፣ አይርገሙት። ቁልፉን ያዙሩልኝ።»

ከራዲያተሩ ጎን አውራ ጣት የምታህል ማብሪያ ተሰክታለች። ሽማግሌው ሁለቱን ሽቦዎች ከላይዋ ነቅለው እርስ በርስ አነካኳቸው። ማራገቢያው አገሳ! ነፋሱ፣ እመኚኝ፣ የአለቃውን ባርኔጣ አንስቶ ጎረቤት ሻይ ቤት ትሪ ላይ አሳረፈው።

«ማራገቢያው ጤነኛ ነው» አሉ ሽማግሌው። «የጠራው የለም እንጂ።»

ሞተሩ ሲበርድ ማብሪያዋን ፈቱ። ከባትሪና ከትንሽ አምፖል ጋር አገናኝተው፣ ከሻይ ቤቱ ባስመጡት የፈላ ውሃ ውስጥ ነከሯት። ውሃው ይንተከተካል፤ አምፖሉ ግን ጭል እንኳ አላለም።

«አዩዋት? ሥራዋ ውሃው ሲግል ማራገቢያውን መጥራት ነው። እሷ ግን እየተቀቀለችም ደህና ነን ትላለች።»

አለቃው ባርኔጣውን እያራገፈ «ታዲያ ማራገቢያውን ዳይሬክት ከባትሪው ጋር እንሰረውና ሁልጊዜ ይዙራ» አለ።

«ባትሪውን ጨርሶ ሙሽሮቹን መንገድ ላይ እንዲያስቀራቸው? ሲግል መጥራት እንጂ ሲነጋ ሲመሽ መጮህ ማን አዘዘ?»

ከዕቃ ሣጥናቸው ሌላ ማብሪያ አወጡ። ያንኑ የፈላ ውሃ ስትነካ አምፖሉ ቦግ አለ። በአሮጌዋ ቦታ አስረው፣ ራዲያተሩን ሞልተው፣ ሞተሩን አስነሱና ቆመው ጠበቁ። የሙቀቱ ቀስት ወጣ። ደግሞ ወጣ። ቀዩ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ሰውየው ጀሪካኑን አነሣ። ጠቅ! ማራገቢያው ማንም ሳይነካው ተነሣ። ቀስቱም ቀስ እያለ ተመለሰ።

ሰውየው ሽማግሌውን ሳመ፤ አለቃውን ሳመ፤ ኮፈኑንም ሳመ። ኮፈኑ ገና ትኩስ ነበርና ከንፈሩን ፈጀው። ቅዳሜ ዕለት ሙሽሮቹን ከኋላ ጨምቆ፣ መንገድ በተዘጋበት ሁሉ ማራገቢያው ሲነሣ እየሰማ እየሳቀ ነዳ። በሰርጉ ፎቶ ላይ ከንፈሩ ከሙሽራዋ እቅፍ አበባ ይበልጣል።

ትርንጎዬ፣ አንቺም ወንድሞችሽን ለቆራሌው ልትሸጪ ተነሥተሻል። ታላቅሽ እሑድ እሑድ እንደሚደውል አንቺው ነግረሽኛል። «እማማ እንዴት ናት?» ሲልሽ ምን ትይዋለሽ? ወገብሽ ተቆርጦ፣ እህል ሳትቀምሺ ውለሽ፣ «ደህና ናት፣ ሁላችንም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትይዋለሽ። እሱም ደህና ናቸው ብሎ ይቀመጣል። ሞተሩን አታውርጂ፣ ልጄ። ውሃው እንደ ጋለብሽ ንገሪያቸው፤ ሰምተው ካልተነሡ ያን ጊዜ ነይና ቆራሌውን አብረን እንጠራዋለን።

ዛሬ እሑድ አይደል? ይኸው ስልክሽ እየጠራ ነው። አንሺው እንጂ። ደህና ነን ብለሽው ብሰማ ግን ከንፈርሽን እኔ ነኝ የምፈጀው!