ተጣጣፊው ሶላር ማን ቤት ይደር?

በአንድ ወቅት፣ መብራት ካልገባባቸው የቆላ መንደሮች በአንዷ፣ የሴቶች ማኅበሩ ከገበያ አንድ ተጣጣፊ ሶላር አመጣ። ርካሽ ነው። ሲዘረጋ አራት ቅጠል አለው፤ ሲታጠፍ ብብት ውስጥ ይገባል። የሚያጠራቅምበት ባትሪ ግን የለውም። ፀሐይ ስትኖር ስልክ ይሞላል፣ ማታ የስልኩ መብራት ቤት ያበራል፤ ፀሐይ ስትሄድ ግን እሱም ዝም ነው።

ሴቶቹ ልባቸው አላመነውም። ርካሽ ዕቃ ስንቴ አቃጥሏቸዋል! ሰብሳቢዋ እትዬ ወለላ፣ «ዕጣ ይውጣና ሦስት ሴቶች በየተራ ለአንድ አንድ ቀን ይፈትኑት» አሉ። «ደኅና ከሆነ ለሁሉም ቤት እናስመጣለን። ሌላው እስኪመጣ ክረምቱ ማለፍ አለበት። ይሄኛውን ግን ከሦስቱ የሚገባት አንዷ አሁኑኑ ትወስደዋለች።»

የመጀመሪያው ዕጣ ለስንዱ ወጣ። ስንዱ ዓይነ ስል ናት። ሶላሩን ደጇ ላይ ዘርግታ ቀኑን ሙሉ ከአጠገቡ አልተነሳችም። ፀሐይ ስትዞር አብሮ ካላዞሩት ይደክማል። ከአራቱ ቅጠል በአንዱ ላይ ጥላ ካረፈ፣ የእጅ ጥላም ቢሆን፣ ሦስቱም አብረው ይሰንፋሉ። ይህን ሁሉ ለየች፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አላለችም። ልጇ በኩራዝ ጭስ እያነበበች ዓይኗ ደም ለብሷል። ሌሎቹ ሳያውቁበት ከቀሩ ሶላሩ የእሷ ቤት ነው። «እንዴት ነው?» ሲሏት፣ «ምን አውቄ፣ እናንተም እዩት» አለች።

ሁለተኛው ለአንጓች ወጣ። የአንጓች እጅ ወርቅ ነው፤ ራዲዮ ፈትታ ትገጥማለች፣ የመንደሩን የእጅ ባትሪ ሁሉ የምትጠግን እሷ ናት። ባሏ ሩቅ አገር ለሥራ ሄዷል፤ ድምፁን የምትሰማው በስልክ ብቻ ነው። ሶላሩን ሌባ እንዳይወስድባት ከዋዜማው ተቀብላ፣ እንደ ጋቢ አጣጥፋ ትራሷ ስር አደረገችው። ተኛችበት። ጠዋት ብትዘረጋው ዝም! ሽቦው በጨርቁ ውስጥ፣ ከመታጠፊያዎቹ በአንዱ ላይ ተበጥሷል።

ስንዱ ሳቀችባት። «ወይ ያንቺ ነገር! ዶሮ ብታቅፈው ይሻለው ነበር።»

«አፍሽን ያዢ! እጠግነዋለሁ» አለች አንጓች። ቀኑን ሙሉ ስትፈልግ ዋለች፤ የተበጠሰበትን ቦታ አላገኘችውም።

ሦስተኛው ለየዝና ወጣ። የዝና ከወለደች አሥራ አንድ ቀኗ ነው። ቤቷ ጨለማ ስለሆነ የሕፃኗን ፊት እንኳ በደንብ አላየችውም። ግን ሶላሩን አምጥተው ሲያሳዩዋት፣ «ውሰዱልኝ» አለች። «አራስ ፀሐይ ላይ ምን ትሠራለች? ደግሞ ይሄ የልጅ መጫወቻ ነው።» በእጇም አልነካችውም። አንጓች መልሳ ወሰደችውና ፍለጋዋን ቀጠለች።

በዚያው በሦስተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ የጎረቤታቸው የብርቄ ልጅ ባሰበት። የስምንት ወር ሕፃን ነው። ሲተነፍስ ጎኑ ይሰረጉዳል። ጡት አልይዝም አለ። ሕፃን እንዲህ ሲተነፍስ ቀልድ የለም።

ጤና ጣቢያው በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ብርቄ ታቅፋው ብትሄድ መንገድ ላይ ሊቀርባት ነው። ያለው ተስፋ አምቡላንስ መጥራት ነበር። በምን ይጠራ? ሰዉ ሁሉ አረም ላይ ነው። የስንዱን ስልክ ልጇ ስታነብበት አድራ ጨርሳዋለች። የሌሎቹም ሞተዋል። ሰማዩ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ደመና ነው።

«ስንዱዬ፣ ነፍሱ እኮ እዚህች ላይ ናት!» አለች ብርቄ ጉሮሮዋን ይዛ።

አንጓች የሶላሩን ጨርቅ በምላጭ ተረተረችው። የተበጠሰው ሽቦ ወጣ! በጥርሷ ላጠችው፣ አጣመመችው። ጣቷን ስታነሳ ይላቀቃል። ስለዚህ በሁለት እጇ ጭብጥ አድርጋ ያዘችው።

ያኔ ደመናው ተከፈተ። ስንዱ ስልኳን ሰክታ ሶላሩን ልትዘረጋ ሞከረች፤ ነፋሱ መልሶ ያጣጥፈዋል። ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ብርቄ ሕፃኑን ታቅፋለች፣ አንጓች ሽቦውን ይዛለች። የቀረችው የዝና ብቻ ናት።

«የዝና! ነይ ጫፉን ያዢልን!»

የዝና በሯ ላይ ቆመች። «በዚህ ቀትር? ምች ሊመታኝ? እኔስ ልጅ የለኝም?»

የሕፃኑ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ እስከ በሯ ተሰማ። የዝና ልጇን አልጋ ላይ ትታ፣ ራሷን እንኳ ሳትሸፍን ወጣች። ጫፉን ያዘች።

«ክንድሽ ጥላ ጣለ፣ ዝቅ በይ!» አለች ስንዱ። «አሁን ወደኔ አዙሪው። ቀስ!»

የዝና ዞር ብላ አየቻት። «ይህን ታውቂ ነበር?»

ስንዱ አንገቷን ደፋች።

ቆሙ። የዝና ፀሐይ አናቷን እየመታት ጫፉን አልለቀቀችም። ስልኩ ሲበራ ሌላ ደመና እየመጣ ነበር። ብርቄ ደወለች። «ሃሎ! ልጄ ትንፋሽ አጠረው!» የመንደሩን ስም ተናገረች፤ የአምቡላንሱ ነጂ «መጣሁ» እንዳለ ስልኩ ጠፋ።

አምቡላንሱ መጣ። ሕፃኑ ዳነ። የዝናን ግን በዚያው ቀን ትኩሳት ጣላት። አሮጊቶቹ «ምች ነው» አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ከአልጋ አልተነሳችም።

ከዚያ በስምንተኛው ቀን ማኅበሩ ተሰበሰበ። ሶላሩ ተጣጥፎ መሃል ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ።

«እኔ ባላውቅበት ያ ነገር ጨርቅ ነበር» አለች ስንዱ።

«እኔ ባልቀጥለው እውቀትሽን ምን ላይ ልትዘረጊው ነበር?» አለች አንጓች።

«ማን በጠሰውና?»

«ማን ደበቀና? ብትነግሪን ልጅሽ ትሞት ነበር?»

የዝና ከአልጋዋ ሆና ሰው ላከች። «እኔ አልፈተንኩትም፣ ንቄዋለሁም። ግን የኔ ልጅ ትኩሳት የያዘው ጡት እየጠባች ነው። ይህንንም ቁጠሩት።»

እትዬ ወለላ ወደ ብርቄ ዞሩ። «ልጁ ያንቺ ነው። አንቺው ፍረጂ።»

ብርቄ ሕፃኑን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «ለአንዷ ብፈርድ ሁለቱን መካድ ነው፤ እኔን አትጠይቁኝ» አለች።

ማንም ደፍሮ ሶላሩን አላነሳውም።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፤ ልጅ ያላችሁም የሌላችሁም። አውቃ የደበቀችው፣ በጥሳ የቀጠለችው፣ ወይስ ንቃ ራሷን የሰጠችው? ሶላሩ ለማን ይገባል?