ጋጣው በር ነበረው

አንድ ባላባት ነበር። የክርስትና ስሙን የሚያውቁት እናቱና የነፍስ አባቱ ብቻ ነበሩ ማለት ይቻላል፤ አገሩ ሁሉ የሚጠራው በፈረሱ ስም «አባ ዳመና» እያለ ነው። ዳመና ግራጫ ፈረስ ነበር። በጥምቀት ጉግስ ሦስት ዓመት ተከታትሎ የቀደመው አልተገኘም። ባላባቱ ለራሱ ግን በጦርም በምክርም የሚወራለት ታሪክ አልነበረውም። ያለው ፈረሱ ነው። «አባ ዳመና» ሲሉት ደረቱ ይነፋል፤ ፈረሱ ባይኖር ማንም ዞሮ እንደማያየውም ልቡ ያውቃል።

በሦስተኛው ዓመት ጉግስ ማግሥት ሰው ሁሉ «እንዴት ያለ ፈረስ ነው!» እያለ ሲያደንቅ ሰማ። «ከዓይን ያውጣው» ብሎ የጨመረበት ግን አንድም ሰው አልነበረም። ያን ቀን ፍርሃት ገባው። ቡዳ ሊበላብኝ ነው አለና መስኮት የሌለው የድንጋይ ጋጣ አሠርቶ፣ ወፍራም የዋንዛ በር አስገጥሞ፣ ዳመናን ከመስኩ ወስዶ ከተተው።

ዳመናን ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ያሳደገው ጓንጉል የሚባል ባልደራስ ነበር። ጎጆው ከመስኩ ዳር ነው፤ ፈረሱም ያደገው ከጎጆው ደጃፍ ሲቦርቅ ነው። ጓንጉል ሦስት ቀን ታገሠና ባላባቱ ፊት ቀረበ።

«ጌታዬ፣ ይህ ፈረስ ሜዳ ተወልዶ ሜዳ ያደገ ነው። ጋጣ አይችልም። ይተውት፣ ይውጣ።»

«ለፈረሴ ከእኔ በላይ ልታስብለት ነው?»

«አይደለም ጌታዬ። ግን እያየሁት ነው።»

ባላባቱ አልሰማውም። ዳመና በሩን መርገጥ ጀመረ። እንጨቱን ማኘክ ጀመረ። ገብስ ሲያቀርቡለት ፊቱን ያዞራል። ባላባቱም ደግ ሰው አይደለም እንዳይባል ያልሞከረለት ነገር የለም። ገብሱን በባቄላ አስለወጠለት፤ ትኩስ ሣር አሳጨደለት፤ ክታብ አንገቱ ላይ አሰረለት፤ ጠበል አስረጨው። ያላደረገለት ነገር ቢኖር አንድ ብቻ ነው፤ በሩን አልከፈተለትም።

ሰኔ ላይ እንግዶች መጥተው ፈረሱን ካላየን ብለው አስከፈቱት። ጎድኑ ይቆጠራል። «አባ ዳመና፣ ምነው ፈረስህ እንዲህ ሆነ?» አሉት። ባላባቱ ፊቱ ቀላ። ዘግቼበት ነው ማለት ከበደው። ወዲያው አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ፦

«በላብኝ እንጂ! ባልደራሱ ነው። ዓይኑን ከላዩ አይነቅልም። ‹እያየሁት ነው› ብሎ በገዛ አፉ ነግሮኛል።»

ይህን ሲል ውሸት መሆኑን ያውቅ ነበር? ግማሹን ያውቅ ነበር። ሌላውን ግማሽ ለማወቅ አልፈለገም።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ነገሩ ገበያ ሳይደርስ አላደረም። ጓንጉል በጠጣበት ዋንጫ የሚጠጣ ጠፋ። በመንገድ ሲያልፍ እናቶች ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። ሴት ልጁን ለልጃቸው አጭተው የነበሩት ሰዎች ሽማግሌ ልከው «ይቅርብን» አሉ። ልጅቷ ሦስት ቀን አልበላችም። ጓንጉል አልተከራከረም፤ ቡዳ ነህ የተባለ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል? ጎጆውን ዘግቶ፣ ሚስቱንና ልጁን ይዞ፣ የሁለት ቀን መንገድ ተጉዞ ቆላ ወረደ።

«ቡዳው» ሄደ፤ ፈረሱ ግን ባሰበት።

መስከረም ጠብቶ አንድ እሑድ ባላባቱ ፈረሱን ምን እንደሚያሰቃየው በዓይኔ ልይ ብሎ ጋጣው ውስጥ ገባ። በሩን ለሚጠብቀው አሽከሩ የሰጠው ትእዛዝ ጥብቅ ነበር፤ ማንም ይግባ ማን በሩ ከውጭ ይቀርቀራል፣ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅም አይከፈትም። ታማኙ አሽከርም ጌታው እንደገባ መወርወሪያውን ሸጎረና ወደ ሰንበቴ ሄደ።

ባላባቱ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ተጣራ። ቀጥሎ ጮኸ። ዝንቡ፣ ሙቀቱና የፋንድያው ሽታ አንድ ላይ መጡበት። እኩለ ቀን ሲሆን በሩን በጡጫ እየደበደበ «ክፈቱ! እኔ ነኝ! አባ ዳመና ነኝ!» ይል ነበር። ስሙን ያወጣለት ፈረስ አጠገቡ ቆሞ ያየዋል። ያን ጊዜ እጁን ያሳረፈበትን ቦታ ልብ አለው። እንጨቱ ተሰነጣጥቋል። ፈረሱም የሚደበድበው እዚያው ላይ ነው።

በሩ ላይ፣ በፈረስ ቁመት ልክ፣ በጥርስ የተፋቀች አንዲት ቀዳዳ ነበረች። ባላባቱ ፈረሱ እንጨት የሚያኝከው ለክፎት ነው ይል ነበር። ጎንበስ ብሎ ዓይኑን አስጠጋ። አረንጓዴው መስክ ታየው። የሰው ፈረሶች ይግጣሉ። ከመስኩ ማዶ የጓንጉል ጎጆ አለች፤ በሯ ተዘግቷል፣ ደጃፏ ላይ ሣር በቅሏል። ፈረሱ ስምንት ወር ሙሉ ሲያይ የኖረው ይህንን መስክና ይህችን ጎጆ ነው።

የሰውን ዓይን ሲፈራ የኖረ ሰው፣ የገዛ ፈረሱን ዓይን አንድ ቀን እንኳ አላየም ነበር። ዞሮ ሊያየው ፈለገ፤ አልቻለም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ቆመና «አፈርኩ» አለ። ለማን እንዳለው እሱም አያውቅም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አሽከሩ መጥቶ ከፈተ። ጌታውን ሲያይ እግሩ ላይ ወደቀ። «ጌታዬ፣ ዝጋ ያሉኝ እርስዎ ነዎት!» አለ። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ ባላባቱ፤ «አንተ ምንም አላጠፋህም።» ዳመና እየተንገዳገደ ወጣ። ሣሩን ረግጦ አለፈ እንጂ አልነካውም። ቀጥ ብሎ ወደ ጎጆዋ ሄደና የተዘጋውን በር አሸተተ። ግንባሩንም በሩ ላይ አስደግፎ ቆመ። ባላባቱ ሰው ሁሉ እያየው በእግሩ ተከተለው።

ባላባቱ ፈረሱ ትንሽ እስኪያገግም ቆየና ሳይጫነው፣ ሳይቀመጥበት፣ እየሳበ ሁለት ቀን ተጓዘ። ከጓንጉል አጥር ግቢ ሲደርስ ድንጋይ ተሸክሞ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ጓንጉል ወጣ። ዳመና አንገቱን ትከሻው ላይ ጣለበት፤ ጓንጉልም ጋማውን እየዳበሰ አለቀሰ። ከዚያ ወደ ባላባቱ ዞረ።

«ድንጋዩን ያውርዱት ጌታዬ፤ ይከብድዎታል።»

«ይቅር ሳትለኝ አላወርድም። በድዬሃለሁ። ፈረሱን አውጥቼዋለሁ፤ ጋጣውንም አፍርሼዋለሁ። ወደ ቤትህ ተመለስልኝ።»

«እግዜር ይቅር ይበለን፤ እኔ ይቅር ብዬዎታለሁ። ግን ወዴት ልመለስ? የዳመና ጋጣ በር ነበረው። ከፈቱለት፣ ወጣ። እኔን የከተቱበት ግን በሩ በሰው ሁሉ አፍ ላይ ነው ያለው። የትኛውን ከፍተው ያወጡኛል?»

ባላባቱ ድንጋዩን አውርዶ ፈረሱን እየሳበ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው እውነቱን ሊናገር ገበያ ይወጣል። ሰው ሲሰበሰብ ቃሉን አፉ ውስጥ እንደያዘ ይመለሳል። ሲዋሽ አንድ ትንፋሽ ነበር የፈጀበት፤ ለእውነቱ አራት ወር አልበቃውም። በመጨረሻ ጥምቀት ደረሰ። ሰው ሁሉ ዳመናን ሲጠብቅ ባላባቱ ያላጌጠ፣ ገና ያልወፈረ ፈረስ እየሳበ ሜዳው መሐል ቆመ።

«ስሙኝ! ጓንጉል ቡዳ አይደለም። ፈረሴን የበላሁት እኔ ነኝ፤ ዘግቼበት ነው። አፍሬ ዋሸሁ። ዛሬ ደግሞ በዋሸሁት አፍሬ ቆሜያለሁ።»

አንዳንዱ አለቀሰ። አንዳንዱ ሳቀ። ከወደኋላ ግን አንድ ሰው ለጎረቤቱ «ይኸውልህ፣ እሱንም በላው፤ አስለፈለፈው!» ሲል ባላባቱ ሰማ።

ጓንጉል በዚያው ዓመት ተመለሰ፤ ባላባቱ ለምኖ ለምኖ ነው ያመጣው። ዳመና እንደ ጥንቱ ከጎጆው ደጃፍ ይውላል፤ ማታም ሲፈልግ ወደ ግቢው ይገባል፣ ሲፈልግ ውጭ ያድራል። ባላባቱ በየበዓሉ ሰው እያየው ከጓንጉል ጋር ከአንድ ገበታ ይበላል። ብዙ ሰውም ቀስ በቀስ ልቡ ተመለሰ። ልጅቷን ግን የሚያጫት አልመጣም።

አንድ ቀን ሁለቱ በመንገድ አብረው ሲሄዱ ሕፃን ያዘለች ወጣት እናት አገኘቻቸው። «እንዴት ዋሉ አባ ዳመና?» አለች በትሕትና። እንዲህ እያለችም እጇን ወደ ኋላ ሰዳ የሕፃኑን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች። ጓንጉል እንደለመደው ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። ባላባቱ ይህን አየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ በፈረሱ ስም ሲጠሩት አንገቱን ይደፋ ነበር።

ወዳጄ ሆይ፣ በእጅ የተዘጋ በር በእጅ ይከፈታል። በቃል የተዘጋውን ግን የዘጋው ሰው ራሱ እያለቀሰ ቢመለስም ሁሉንም ሊከፍተው አይችልም። የራሳችንን ጥፋት አምኖ መቀበል ሲያሳፍረን በቅርብ ያገኘነውን ሰው ስም እናነሣለን፤ እኛ እናመልጣለን፣ እሱ ይታሰራል። ይህን ታሪክ ለሌላ ከመንገርህ በፊት እስቲ አንድ ጊዜ ራስህን ጠይቅ፦ አንተ ካፍህ ባወጣኸው ቃል የተነሣ ዛሬ በማን ደጃፍ ላይ ሣር በቅሏል?