ከሰማዩ ሥር የጠፋው ቤት

አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። እንጀራው መርፌና ክር፣ ፍቅሩ ግን ሰማይ ነው። አመሻሽ ላይ ሱቁን ዘግቶ፣ ካሜራውን አንግቶ ከከተማው ይወጣና ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ስትጠልቅ ፎቶ ያነሳል። የሠርግ ልብሳቸው ያልደረሰላቸው ደንበኞች "ደመና ሊሰፋ ሄዷል" እያሉ ያሙታል።

መንገዱ በተራራው ግርጌ፣ በእማማ ደብሪቱ ደጅ በኩል ያልፋል። እማማ ባላቸው የሞተባቸው፣ አንዲት ላም ያለቻቸው ሴት ናቸው። ባለፈ ቁጥር "ና ልጄ፣ አፍህን አርጥብ" ብለው እርጎ ያቀርቡለታል። እሱም ጠጥቶ፣ መርቆ፣ ትይዩ ወዳለው ጉብታ ይወጣል።

ከጉብታው ላይ ሲያነሳ አንድ ነገር ብቻ ያናድደዋል፦ ያው የእማማ ቤት። ቆጥበው ያስመቱት ቆርቆሮ ፀሐይ ሲያርፍበት ያብረቀርቅና ዓይንን ከሰማዩ ላይ ይነጥቃል። ስለዚህ ማታ ኮምፒውተሩ ላይ ፎቶውን ሲያሰናዳ፣ ቤቱን እንደ ትርፍ ክር ቆርጦ ያወጣውና ሣር ይተካበታል። ያልተነካካውን ፎቶ ደግሞ ቦታ ይይዛል ብሎ ያጠፋዋል። በክፋት አልነበረም፤ እማማን እንደ እናቱ ይወዳቸው ነበር።

ከፎቶዎቹ አንዱ የቀን መቁጠሪያ ላይ ታትሞ በየቤቱ ተሰቀለ። ከተራራው ሥር ቀጥ ብላ የምትወጣውን ቀጭን ደመና ያላደነቀ አልነበረም። ልብስ ሰፊውም መንገድ ላይ ደረቱን ነፍቶ መሄድ ጀመረ።

በክረምቱ የእማማ ቤት በጎርፍ ተጠርጎ ሄደ። እህታቸው ዘንድ ከርመው ሲመለሱ፣ አቶ ድልነሳ የተባለ ባለጸጋ ጎረቤታቸው ቦታውን አጥሮት አገኙ። "ይህ የኔ ግጦሽ ነው፤ እዚህ ቤት ኖሮ አያውቅም" አለ። እውነቱን የሚያውቁት ጎረቤቶች ሁሉ ወይ ዘመዶቹ ናቸው፣ ወይ ይፈሩታል። ነገሩን እንዲያዩ ከሌላ አገር ሽማግሌዎች ተጠሩ።

በሽምግልናው ቀን አቶ ድልነሳ የቀን መቁጠሪያውን ዘርግቶ "በየቤታችሁ የተሰቀለ ነው። ቤት ካያችሁበት አሳዩኝ" አለ። ሽማግሌዎቹ አጎንብሰው ፈለጉ። ተራራ አለ፣ ሣር አለ፣ ሰማይ አለ። ቤት የለም።

እማማ ከሕዝቡ መሃል ልብስ ሰፊውን ፈልገው አገኙት። "ልጄ፣ እርጎዬን የጠጣህበት ቤት የት ገባ?" አሉት።

ዝም ቢል ማንም አይከሰውም ነበር፤ ስሙም እንደ ተከበረ ይቀራል። እሱ ግን ተነሳ።

"ቤቱ ነበር። ከፎቶው ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

"ምን በደለህ?" አሉ የሽማግሌዎቹ አለቃ።

"ሰማዩን ያበላሽብኝ ነበር።"

"ሰማዩ እላይ፣ ቤታቸው እታች። የት ተገናኝተው ነው የሚያበላሸው?"

አቶ ድልነሳ ሳቀ። "በፎቶ ዋሽቶ በአፉ ሊታመን ነው? የመጀመሪያውን ፎቶ ያምጣ!"

"አጥፍቼዋለሁ" አለ ልብስ ሰፊው። ቀጥሎ ጣቱን ሁሉም የሚያደንቃት ቀጭን ደመና ላይ አሳረፈ። "ይቺ ግን ደመና አይደለችም። የእማማ ምድጃ ጭስ ናት። ቤታቸውን ሳጠፋ እሷን ግን ስለወደድኳት ተውኳት።"

ሽማግሌዎቹ እንደገና አጎነበሱ። ጭሱ ከባዶ ሣር ላይ ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል። አለቃቸው ቀና ብለው ሕዝቡን "ይህን እሳት ማን ነበር የሚያነድደው?" ብለው ጠየቁ።

አንድ ሰው ከኋላ "ደብሪቱ ናት" አለ። ሌላውም ደገመው። በመጨረሻ የአቶ ድልነሳ አጎት ሳይቀሩ ተነስተው መሰከሩ። አጥሩ በዚያው ሳምንት ፈረሰ።

ልብስ ሰፊው ዛሬም ሰማይ ያነሳል። እማማ አዲስ ቤት ሠርተዋል፤ ቆርቆሮው ከድሮው ብሶበት ያብረቀርቃል። አሁን ግን አይነካውም። ፎቶዎቹ እንደ በፊቱ እንደማያምሩ የሚነግሩት አሉ፤ ይስማማና ያልፋል።

ለዓይናችን እንዲያምር ብለን የምንቆርጠው ነገር ለሌላው ሰው ቤቱ ሊሆን ይችላል። ክፋት ሳይኖረን ያጠፋነውን፣ ክፉ ሰው መጥቶ ማስረጃ ያደርገዋል። እርስዎስ፣ ቤቱን ቆርጠው አውጥተው ጭሱን ደመና ነው ብለው የሚያደንቁለት ሰው የለም?