መቃብር የሌለው ወታደር ባንዲራ

አንድ ሻለቃ ነበር። ከወታደሮቹ አንዱ ሲወድቅ ሣጥኑ የተሸፈነበትን ባንዲራ ለቤተሰቡ የሚያስረክበው እሱ ራሱ ነው። ይህን ሥራ ለሌላ መኮንን ሰጥቶ አያውቅም።

አንድ ቀን ምትኩ የተባለ ወታደር በተወለደባት ትንሽ ከተማ ተቀበረ። ወታደሮቹ ባንዲራውን ከሣጥኑ ላይ አንሥተው በጥንቃቄ አጠፉት። የክብር ተኩስም ተተኮሰ። ሻለቃው በሟች እናት በወይዘሮ አስካለ ፊት በርከክ ብሎ ባንዲራውን በሁለት እጁ አቀረበላቸው።

ወይዘሮ አስካለ ተቀብለው ሳሙት። ከዚያም ለቀስተኛውን እያቋረጡ፣ ከሕዝቡ ርቀው ብቻቸውን ወደ ተቀመጡ አንዲት ሴት ሄዱና ባንዲራውን በሴትየዋ ጭን ላይ አኖሩት።

ሴትየዋ ወይዘሮ ጠጂቱ ይባላሉ። ልጃቸው ደምሰው ከምትኩ ጋር ዘምቶ ምትኩ በወደቀበት ውጊያ ቀርቷል። አስከሬኑ ስላልተገኘ ሣጥንም ባንዲራም አልመጣለትም። ይባስ ብሎ በከተማው «ከድቶ ይሆናል» የሚል ሐሜት ይናፈስ ጀመር። እናቱም ከዚያ ወዲህ ሰው መሀል መቀመጥ ትተዋል።

ሻለቃው ደንገጥ ብሎ ተከተላቸው። «እናቴ፣ ይህ እኮ የእርስዎ ነው» አለ።

«የእኔ ልጅ እዚህ አፈር ውስጥ አለ» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «ሲናፍቀኝ መጥቼ አለቅሳለሁ። የደምሰው እናት የት ሄዳ ታልቅስ? ልጆቻችን አብረው አይደለም እንዴ የሄዱት?»

ሻለቃው ደምሰው የሚለውን ስም ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። ወደ ሕዝቡ ዞሮ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ስሙኝ! እንድናፈገፍግ ሲታዘዝ ቁስለኞችንና የምትኩን አስከሬን ተሸክመን ነበር። ጠላት እንዳይደርስብን መትረየሱን ይዞ ኋላ የቀረው ደምሰው ነው። ‹ና እንሂድ› ስለው ‹እናንተ እለፉ› አለኝ። ዛሬ ምትኩ በአገሩ አፈር የተቀበረው፣ እኔም በሕይወት እዚህ የቆምኩት በእሱ ነው።»

ሲያሙ የነበሩት አቀረቀሩ። ሻለቃው ለወይዘሮ ጠጂቱ ቀጥ ብሎ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠ፤ ወታደሮቹም ተከተሉት። «ሣጥን ስላልያዝኩ ብዬ ሳልመጣልዎ ቀረሁ። ይቅር ይበሉኝ» አላቸው።

ብዙም ሳይቆይ ለደምሰው ሌላ ባንዲራ ይዞ ወደ ከተማዋ ተመለሰ። ሣጥን ባይኖርም የክብር ተኩስ ተተኮሰ፤ ከተማው በሙሉ ወጥቶ ቆመ። ወይዘሮ ጠጂቱ የልጃቸውን ባንዲራ ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ከወይዘሮ አስካለ ጎን ቀና ብለው፣ «የደምሰው እናት እኔ ነኝ!» አሉ።

ወገኖቼ፣ ሐዘን የሰውን ዓይን ብዙ ጊዜ ይጋርዳል። ወይዘሮ አስካለ ግን ልጃቸውን በቀበሩበት ሰዓት እንኳ የሌላዋን እናት አንገት ቀና አደረጉ። ለአገሩ የወደቀ ሁሉ፣ መቃብር ኖረውም አልኖረው፣ ክብሩ እኩል ነው። እኛስ በደኅናችን ቀን፣ በሐሜት አንገቱን ደፍቶ ጥግ የተቀመጠውን ጎረቤታችንን ዞር ብለን አይተነው እናውቃለን?