የአርባ ክንድ ጉድጓድ

በአንድ ወቅት የደጋ፣ የወይና ደጋና የቆላ ሰዎች በአንድ ገበያ ይገናኙ ነበር። ገበያው አንድ ነው፣ ቋንቋውም አንድ ነው፤ ክንዱ ግን ሦስት ነበር። ደገኛው ከክርኑ እስከ ጭብጡ ይለካል፤ ብርድ እጁን አስጨብጦ ያሳደገው ሰው ነውና። ቆለኛው እጁን ዘርግቶ እስከ መሀል ጣቱ ጫፍ ይለካል። የወይና ደጋው ሰው እንደ ቆለኛው ዘርግቶ ከለካ በኋላ በእያንዳንዱ ክንድ ላይ የአራት ጣት ስፋት፣ ማለትም አንድ ጋት፣ ምራቂ ይጨምራል። እናቶቻቸው «ክንድ ይሳሳታል፤ ጋት ይክሳል» እያሉ አስለምደዋቸዋል።

ስለዚህ የደጋው ክንድ አምስት ጋት፣ የቆላው ስድስት፣ የወይና ደጋው ሰባት ነበር። ሦስቱም «ክንድ» ይሉታል። አንድ ጋት ምን አላት? ማንም አይጣላባትም። በአርባ ክንድ ላይ ግን አርባ ጋት ትሆናለች፤ ይህን የቆጠረ ሰው አልነበረም።

ሦስቱ አገሮች በገበያው ዳር የጋራ ጉድጓድ ያስቆፍሩ ነበር። ቆፋሪው ጓንጉል የሚባል ቆለኛ ነው። ሚስቱ ስንዱ ከአፋፉ ሆና አፈሩንና ድንጋዩን በገመድ ትስባለች። አንድ የገበያ ቀን፣ ጉድጓዱ በጓንጉል ክንድ አርባ በሞላበት ሰዓት፣ ድንጋይ ሲወጣ ገመዱ በአፋፉ ተፈትጎ ተበጠሰ። ጓንጉል ከታች ቀረ። ከድንጋዩ ሥር ደግሞ ውሃ ፈለቀ።

«ቁርጭምጭሚቴ ደረሰ» አለ ጓንጉል። ሳቅ ሳቅ ይለው ነበር፤ ሲቆፍር የከረመው ለዚህ ነውና።

ትንሽ ቆይቶ «ጉልበቴ» አለ። አሁን አልሳቀም። ጭቃው እግሩን ይዞት ነበር፤ የጉድጓዱም ግድግዳ እየተገመሰ ይወርድ ጀመር። ስንዱ ኡኡ አለች፤ ገበያው ተገልብጦ መጣ።

መጀመሪያ የደረሰው ደምለው የሚባል ደገኛ ነበር፤ ገመድ ይገምዳል። አዲስ የቃጫ ገመድ ተሸክሞ መጣ።

«ስንት ክንድ ነው?» አለችው ስንዱ።

«አርባ።»

«ተመስገን» ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ደምለው ጫፉን አፋፉ ላይ ባለ ግንድ አሥሮ ጥቅሉን ወረወረው። ሁሉም ገመዱ እስኪወጠር ጠበቀ። አልተወጠረም። «አየዋለሁ፤ አልደርስበትም» የሚል ድምፅ መጣ። «ወገቤ ገባ።»

«አርባ አላልከኝም?» አለች ስንዱ።

«አርባ ነው እህቴ፤ ማርያምን!»

እውነቱን ነው። አርባ ጭብጥ ሠላሳ ሦስት ዝርግ ክንድ ነው፤ በጥቂት ይበልጥ ይሆናል። ግንዱ ላይ የታሠረው ሁለት ክንድ በላ። ጓንጉል እጁን ሽቅብ ቢዘረጋም አራት ክንድ ጎደለ።

ሁለተኛው ዳምጤ ነበር፣ የቆላ ሸማኔ። ከጉድጓዱ አጠገብ ለልጁ ሠርግ ኩታ ይሸምን ነበር፤ አምስት ክንድ ደርሶለታል። በቢላ ቆርጦ አወረደው። ገመዱን ስበው አወጡ፣ ኩታውን ጠምዝዞ ቀጠለበት፣ መልሰው ለቀቁት። ስቦ ማውጣቱና መልሶ መልቀቁ የፈጀውን ጊዜ ስንዱ በጓንጉል ድምፅ ቆጠረችው፤ ሲጀምሩ «እምብርቴ» ነበር፣ ሲጨርሱ «ደረቴ» ሆነ። ቋጠሮው አንድ ክንድ ተኩል በልቷል።

«ስንዝር ቀረኝ» አለ ጓንጉል። ሰው በስንዝር ይሞታል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ሦስተኛዋ ወይዘሮ ይታጠቁ የምትባል የወይና ደጋ መቀነት ሻጭ ነበረች። ሁለት ክንድ መቀነት ከነምራቂው ለክታ ለገዢ ሰጥታለች። ከገዢው እጅ መንጭቃ ሮጠች፤ ሰውየው አፉን ከፍቶ ቀረ። መቀነቱ አሥራ አራት ጋት ነው፤ ከኩታው ጫፍ ሲቀጠል ቋጠሮው አሁንም በቆላ ክንድ አንድ ተኩል፣ ዘጠኝ ጋት፣ በላ፤ የተረፈው አምስት ጋት ነው። ሦስቱ ጋት ስንዝሩን ሞላ። ሁለቱ ጋት ከስንዝሩ በታች ተንጠለጠለ። ለሁለት ክንድ የጨመረችው ምራቂ ይኸው ነው፤ የሁለት እጅ መያዣ።

«አገጬ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ቀጥሎ ምንም አልተሰማም። ስንዱ አፋፉ ላይ በደረቷ ተኝታ ታዳምጣለች፤ የሚሰማት የሚገመሰው አፈር ብቻ ነው።

ገመዱ ተወጠረ።

አሥራ ሁለት ሰው ሳበው። ጓንጉል ሲወጣ ጭብጡ አልፈታ አለ፤ ስንዱ ጣቶቹን አንድ በአንድ እየቆጠረች አላቀቀቻቸው። አሥሩም ነበሩ።

በማግስቱ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ከእንግዲህ ክንድ አንድ ይሁን፣ በጉድጓዱ አፍ ባለው ድንጋይ ላይ ይቀረጽ፣ የሚቀረጸውም ሰው ያዳነው ክንድ ይሁን አሉ። ነገሩ የሚቸኩል ነበር። በመጪው ቅዳሜ ጓንጉል ግድግዳውን በድንጋይ ሊያስር መልሶ ይወርዳል፤ የሚወርድበት ገመድ የሚታዘዘው በዚያ ድንጋይ ልክ ነው።

ደምለው፣ «ከግንዱ እስከ ሰውየው ካለው ርዝመት የእኔ ያልሆነው ስንት ነው?» አለ። ጣት ይረዝማል ያጥራል፣ ጭብጥ ግን የታመነ ነው ሲል ተከራከረ። ሌሎቹ፣ በዚያ በታመነ ጭብጥ ሰው ሊሰጥም ነበር አሉት።

ዳምጤ፣ ጉድጓዱ የተቆጠረው በእኔ ክንድ ነው፣ ገመዱም በእሱ ቢለካ ኖሮ ኩታዬ ባልተቀደደ አለ። ሌሎቹ፣ ያንተ ክንድ ለቋጠሮ የሚተርፍ የለውም፣ ልክ ሆኖ ይገድላል አሉት።

ይታጠቁ፣ «የያዘው የእኔን ነው፤ ጠይቁት» አለች። ሌሎቹ፣ ምራቂ ሕግ ከሆነ ምራቂነቱ ይቀራል፣ ነገ ሰው ሁሉ በላዩ ሌላ ምራቂ ይጠይቃል አሏት።

ጓንጉልን ጠየቁት። «እዚያ ታች ክንድ የለም» አለ። «ጉልበት፣ ወገብ፣ ደረት፣ አገጭ ነው ያለው።»

ድንጋይ ጠራቢው የክርኑን ቦታ ጫረ። ሦስቱ ክንዳቸውን ጎን ለጎን ድንጋዩ ላይ አጋደሙ። ጠራቢው መሮውን ይዞ ሽማግሌዎቹን አየ፤ ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ስንዱ ግን ጉድጓዱን ነበር የምታየው። ሁለተኛው ጭረት ሳይጫር መሸ፤ ሦስቱም በየክንዳቸው ወደየአገራቸው ገቡ።

ያ ቀን ሐሙስ ነበር። እናንተ ከሽማግሌዎቹ ጋር ብትቀመጡና ስንዱ ዞር ብላ ብታያችሁ፣ ለቅዳሜው ገመድ የማንን ክንድ ታስቀርጹ ነበር?