ዝንጀሮ የፈጠረው ጥንት

ድንጋይ ገና እንደ ሊጥ በሚቦካበት ዘመን፣ ስሙ በጠፋ አንድ አገር፣ ፀሐይ ወርዳ ዛፍ ጫፍ ላይ ተቀመጠች አሉ። ወንዙ ደረቀ፤ አዞውን እንኳ አቧራ ያስነጥሰው ጀመር። ዝሆኖቹ ግን አልፈሩም። መሪያቸው እመት ዝሆኒት ደረቁን አሸዋ በኩምቢዋ አሽትታ፣ ውኃ ከተደበቀበት ትቆፍርላቸው ነበር። እናቷም፣ የእናቷም እናት እንዲሁ ያደርጉ ነበር።

ታዲያ አያ ዝንጀሮ ጎፈሩን አበጥሮ ድንጋይ ላይ ወጣ። ዓለም ስትፈጠር በቦታው እንደነበረ፣ ያን ቀንም መምራት ለወንድ፣ መከተል ለሴት እንደተሰጠ ተረከላቸው። ድርቁም የመጣው ይህ ወግ ስለፈረሰ ነው ብሎ፣ "ጥንት እንዲህ ነው" ሲል ነገሩን አሰረው።

ወንዱ ዝሆን አያ ኩምቢ ጆሮውን አርገበገበ። ዝንጀሮን ጀርባው ላይ ጭኖ ፊት ፊት ሄደ። ዝንጀሮም የፈለገው ይኸንኑ ነበር፤ ዝሆኑ ከሚገነድሰው ዛፍ ሁሉ ፍሬ እየለቀመ ጉንጩን ነፋ።

እመት ዝሆኒት ከኋላ ተከተለች። "ድርቁን ያመጣሁት እኔ ብሆንስ?" የሚል ሐሳብ ያብሰለስላታል። ግልገል የልጅ ልጇ እግሯ ሥር ይንገዳገዳል። ኩምቢ ቆፈረ፤ አቧራ። "ጥንት እንዲህ ነው፤ ቀጥል" አለ ዝንጀሮ። ደግሞ ቆፈረ፤ አቧራ። "ጥንት እንዲህ ነው፤ ቀጥል።" ሦስተኛው ጉድጓድ አፍ ላይ ግልገሉ ወደቀ። አሞሮች ከላይ ይዞሩ ጀመር።

ይህን ጊዜ እመት ዝሆኒት መጥታ ፊታቸው ተገተረች።

"አያ ዝንጀሮ፣ አንዷን ነገር ረስተሃታል" አለችው ረጋ ብላ። "ያን ቀን፣ በተረከው መንገድ ውኃ ከጠፋ ተራኪው ከነነፍሱ ይቀበር ተብሏል። ጥንት እንዲህ ነው።"

ኩምቢም እውነት መስሎት የዝንጀሮን ወገብ ጠምጥሞ ከጉድጓዱ በላይ አንጠለጠለው።

"ኧረ እንዲህ የሚል የለበትም" አለ ዝንጀሮ።

"በምን አወቅህ?" አለችው እመት ዝሆኒት።

"ጥንቱን የፈጠርኩት እኔው ነኛ።"

እመት ዝሆኒት አሸዋውን እያሸተተች ከወንዙ ጥምዝ ደረሰች፣ እስከ ትከሻዋ ቆፈረች፣ በኩምቢዋ ውኃ ቀድታ ግልገሉ አፍ ውስጥ አፈሰሰች። ጆሮው ተንቀሳቀሰ።

ኩምቢ በንዴት ዝንጀሮን ቢወረውረው በመቀመጫው እየተንሸራተተ ሰባት ተራራ አለፈ። ቂጡ የተላጠው ያኔ ነው፤ ያላመነ ሄዶ ይየው።

የሐሰት ወግ ሴትን ከኋላ ያስቀምጣል፣ ጥም ሲመጣ ግን ውኃ ከየት ያመጣል?